ካሸር ልሁን ወይስ መካኒክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

አሥራ ስምንት ሺህ ብር። የተሽከርካሪ ጥገና ሥልጠና፣ አንድ ዓመት፣ መጨረሻው ሰርተፊኬት። ቱታ በራስ፣ የምዘና ፈተናው ክፍያ በራስ፣ በየቀኑ ከሰፈሬ ከሴቻ ማሰልጠኛው እስካለበት ሲቀላ የባጃጅ በራስ። ማሰልጠኛው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በስልኬ ፎቶ አንስቼ መጣሁና ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እያየሁት ዋልኩ፤ ደጋግሜ ሳየው ዋጋው የሚቀንስ ይመስል።

ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው ሆቴልም ለካሸርነቱ እስከ ዓርብ አሳውቂን ብሎኛል። በወር አምስት ሺህ፣ ምሳ በእነሱ። በማኔጅመንት ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ፣ አሁን ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መጣ። ሰው እንዴት አይቃዥ?

ያለኝ ሃያ አንድ ሺህ ነው፤ የሰው ልጆች እያስጠናሁ ያጠራቀምኩት። መካኒክ በወር አሥራ አምስት ሺህ ያገኛል ብዬ አሰብኩ (ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፣ ምናልባት ራሴው)። እንደዚያ ከሆነ የከፈልኩትም፣ የቀረብኝ የሆቴል ደሞዝም ሥራ በጀመርኩ ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል። ወረቀት ላይ ያምራል።

ለአባዬ አልነገርኩትም። አባዬ ከጎጃም የሒሳብ መምህር ሆኖ አርባ ምንጭ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከካሸርነቱ ጋር እንኳን ገና አልታረቀም፤ "ዲግሪ ይዘሽ የሰው ሳንቲም ልትቆጥሪ" ይላል። ስለ መካኒክ ቅባትማ ጨርሶ አይነሳም። እቅዴ፦ መጀመሪያ መመዝገብ፣ መክፈል፣ ከዚያ መናገር። ከተከፈለ በኋላ ምን ያመጣል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጋሽ ጳውሎስ ጋራዥ ሄድኩ። የማስጠናቸው የእሱን ልጆች ነው፤ ቤቱ ከጋራዡ ጀርባ ነው። ልጆቹን ስጨርስ ወደ ጋራዡ ጎራ ማለት ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ መፍቻ ማቀበል፣ ቀጥሎ የሞተር ካንዴላ ማጽዳት፣ አሁን የባጃጅ የፍሬን ሸራ ብቻዬን እቀይራለሁ። ሲንተፋተፍ የገባ ሞተር ድምፁ ተስተካክሎ ሲወጣ እንደዚያ ደስ የሚለኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በዲግሪዬ አንድም ቀን እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ዛሬ ድፍረት አገኘሁና ሰርተፊኬት ይዤ ብመጣ በወር ስንት እንደሚከፍለኝ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። ለካ ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። የሚሠራው በፐርሰንት ነው፤ ከእጅ ዋጋው ግማሹ ለጋራዡ፣ ግማሹ ለሠራው። መኪና ካልመጣ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይውላሉ።

አሥራ አምስት ሺዬ እዚያው ቅባቱ ላይ ወደቀች። በቀን ስንት ሥራ ይመጣል ብዬ ጠየቅሁ። ጋሽ ጳውሎስ አፉን የፈታው በጋሞኛ ስለሆነ ሲቸኩል አንተ ይለኛል፤ "ነገ ና፣ ቁመህ ቁጠር" አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቆሜ ቆጠርኩ። የዛሬ ገበያ ይህን ይመስላል፦

ባጃጅ፣ ፍሬን። ነጂው የጋሽ ጳውሎስ የወንድም ልጅ። ክፍያ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ከጫኖ ሙዝ ጭኖ የመጣ አይሱዙ፣ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራው ተሰብሮ። ተከፈለ! ደህና ብር።

ሌላ ባጃጅ፣ አልነሳ ብሎ እየተገፋ የመጣ። ነጂው የጋሽ ጳውሎስ ሚስት የአክስት ልጅ። ክፍያ፦ አንድ ዘለላ ሙዝ። ሁለቱን እኔ በላሁ።

ከኦቾሎ የወረደ ሞተር ሳይክል። የአማቹ ጎረቤት፣ ሸማኔ። የሠራው ጋቢ ሲሸጥ ሊከፍል።

ሚኒባስ፣ ማርሽ አልገባ ብሎ፣ ፍሪሲዮን። ዘመድ አይደለም። በስንት ጭቅጭቅ ተከፈለ።

ከአምስቱ ሁለት! እኔ ሰኞ ዕለት በር የገባውን ሁሉ እንደ ከፋይ ቆጥሬ ነበር። ማኔጅመንት ተምሬ። ማታ ሲዘጋ ለምን ዘመዶቹን እንደማያስከፍል ጠየቅሁት። አልተናደደም። ነገ ለቅሶ ላይ አብሬያቸው ስቀመጥ በምን ዓይኔ ልያቸው ነው አለኝ። ደግሞ የአይሱዙውን ሹፌር ያመጣው ያው ጠዋት በነፃ የተሠራለት የወንድሙ ልጅ ነው አለ። እሱ ሌሎችንም ያመጣል።

እዚህ ላይ ሒሳቤ ድብልቅልቁ ወጣ። የእኔ ዘመዶች ጎጃም ናቸው። መኪናቸው ቢበላሽ እዚያው ያሠሩታል። በነፃ ሥሪልኝ የሚለኝ የለም፣ ደንበኛ የሚያመጣልኝም የለም። ይህ ትርፍ ነው ኪሳራ? እየመጣሁ ባጃጅ ውስጥ ሳሰላስል ሰፈሬን አልፌ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ቆርጬ ልመዘገብ ሄድኩ። ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፣ ጫማዬ ጭቃ ብቻ። የዲግሪዬን ኮፒ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ኩራት ኩራት እያለኝ፣ መዝጋቢዋ ፊት ዘረጋሁት። በትህትና መለሰችልኝ። ለዚህ ደረጃ መግቢያው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነው፣ ዋናው መታየት አለበት። ዲግሪው ምንም አያደርግልኝም። ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ ሳቁን ሲውጥ ሰማሁት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ዋናው የት ነው? አባዬ የብረት ሳጥን ውስጥ። የክትባት ካርዳችን፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ሪፖርት ካርዳችን፣ የዲግሪዬም ዋናው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ቁልፉ ከአባዬ ኪስ አይወጣም። አንድ ወረቀት ለማውጣት ምክንያት ማስረዳት አለብህ፤ የምንፈልገው ኮፒ ከሆነ ራሱ አስነስቶ ያመጣል።

ከፍዬ እነግረዋለሁ ያልኩት ሁሉ ገደል ገባ።

ለእማዬ ነገርኳት። እኔ መሀል አልገባም፣ ራስሽ ጠይቂው አለችኝ። ከሰዓት ሆቴሉ ደወለ። ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላሳወቅሽ ለሌላ እንሰጣለን። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅም። እራት ላይ አፌን ሁለቴ ከፈትኩና በእንጀራ ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጠየቅሁት።

ጠዋት በረንዳው ላይ ሬዲዮውን ሲያስተካክል ነበር። አንድም ሳልደብቅ ሁሉንም አፈሰስኩት፤ ሥልጠናውን፣ ፐርሰንቱን፣ ዘለላውን ሙዝ፣ ሆቴሉን። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሒሳቡን አምጪ አለኝ። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቴን እንደ ተማሪ ፈተና አየው። በአንድ ቀን ገበያ ዓመት አይሰላም፣ ደግሞ የምዘናውን ክፍያ ረስተሻል አለ። እርሳሱን ወስዶ ራሱ ደመረው። ሥልጠናው አላዋጣም። ሆቴሉ ይበልጣል፣ ቢያንስ ለሦስት ዓመት።

"አውቃለሁ" አልኩት። "ሥራውን እወደዋለሁ፣ አባዬ።"

እርሳሱን አስቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ገባ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ተከትዬው ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን፣ በሌላው ዲግሪዬን ይዟል። ዲግሪው አንድ እጥፋት የለበትም፤ ከተመረቅሁበት ቀን ጀምሮ ከአባዬ በቀር ማንም አልነካውም።

"እኔ የፈራሁት ቅባቱን አይደለም" አለኝ። "የሥልጠናውም ወረቀት መጥቶ እዚህ ሳጥን ውስጥ እንዳይተኛ ነው።"

ይህን ሁሉ ጊዜ ያፈረብኝ መስሎኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ተቀብዬ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል ሆቴሉ ጋ ደወልኩና አልመጣም አልኳቸው። ማሰልጠኛው ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ያቺው መዝጋቢ ነች፤ ወረቀቱን አየችና ቅጹ ላይ ማህተሙን መታች። ከፈልኩ። ሙሉውን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የቀረኝ ሦስት ሺህ ነው። ቱታ መግዛት አለብኝ። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የመጣልኝ "ምን አደረግሁ?" የሚለው ነው። ፈርቻለሁ። የሆቴሉን ደሞዝ አሁንም በሐሳቤ እየተቀበልኩ ነው፤ በዚህ ወር ጫማ ገዝቼበታለሁ፣ ለእማዬም ሻሽ።

ትምህርቱ ሰኞ ይጀመራል። ለጋሽ ጳውሎስ ደውዬ ነገርኩት፣ ደግ አደረግህ አለኝ።

ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ አባዬ በር ላይ ከጎረቤታችን ከጡረተኛው የማዘጋጃ ቤት ሰው ጋር ቆሞ ነበር። ሰውየው ስለ እኔ ጠየቀው መሰለኝ፣ ሥራ አገኘች ወይ ዓይነት። አባዬ መካኒክነት ልትማር ነው አለው። ከዲግሪ በኋላ? አለ ሰውየው። እጄ ላይ ያለውን አንሶላ ይዤ ቆምኩ።

"አዎ፣ ከዲግሪ በኋላ" አለ አባዬ።

ኮርቶ ይሁን ተስፋ ቆርጦ መለየት አልቻልኩም። ድምፁን ግን አልቀነሰም።