ስለ አራት ደቂቃና ስለ አንድ የተጫረ ሲዲ

ለክብርት ወይዘሮ ቨርና ቡክል፣
የኬልነር ክሪክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ ሰብሳቢ፣
ዊስኮንሲን

ክብርት ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው ዓርብ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሦስተኛውን የተጠበሰ ዓሣ ሲያነሡ ከሩቅ ስላየሁዎ፣ ጤንነትዎ የተሟላ መሆኑን ተረድቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኔም ከጉልበቴና ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴ ለቦርድዎ በቀጥታ የላክኋቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ለማሳጣት አይደለም፤ እነሱ በመሳቢያዎ ውስጥ በሰላም ማረፋቸውን አውቃለሁና እንቅልፋቸውን መረበሽ ስላልፈለግሁ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ስድስት ሆነን ፖልካ የተባለውን የጭፈራ ሙዚቃ የምንጫወትበት ባንድ አንድ ሰርግ ላይ በቴፕ ተቀድቶ ነበር። ያ ቅጂ ኋላ ወደ ሲዲ ተዛውሮ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም እኔ ዘንድ ይገኛል። ከስድስታችንም የቀረነው አኮርዲዮን ተጫዋቹ እኔና ቱባ የተባለውን ትልቅ የናስ ጥሩምባ የሚነፋው ኤሚል ዘለንካ ነን። ኤሚል በአረጋውያን መጦሪያው ተኝቷል፤ የፊታችን ቅዳሜ ዘጠና ዓመት ይሞላዋል። ቱባ የሚያስነፋ ሳንባ ስለሌለው የጠየቀኝ ስጦታ ሰባተኛውን ዜማ፣ ማለትም ብቻውን የሚነፋበትን፣ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መስማት ነው።

ሲዲው ግን የሚዘለው ልክ እዚያ ላይ ነው። ጥፋቱ የቦርድዎ አይደለም፤ በአኮርዲዮኔ ሣጥን ውስጥ ከብረት መቆለፊያዎቹ ጋር አምስት ዓመት ያኖርኩት እኔ ነኝ። ጭረቱ ይጠፋል ብለውኝ በጥርስ ሳሙና የፈተግሁትም እኔው ነኝ። ዛሬም ይዘላል፤ ትንፋሹ ግን ንጹሕ ነው። እንዲህ ሆኜ ሳለ የልጅ ልጄ የቤተ መጻሕፍታችን አዲሱ ኮምፒውተር የተጫረውን ቦታ እየተመላለሰ በትዕግሥት አንብቦ ባዶ ሲዲ ላይ እንደሚገለብጥ በስልክ ነገረችኝ። ሄድኩ። በዚያም የሚከተሉት ውለታዎች ተዋሉልኝ።

አንደኛ፣ በደንባችሁ መሠረት የሙዚቀኞቹ ሁሉ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳመጣ ታዘዝኩ። “አንዱ ሙዚቀኛ እኔ ነኝ” ብላት፣ ትጉህዋ ሠራተኛችሁ ወይዘሪት ሎሬታ በሲዲው ሽፋን ላይ ያለውን የባንዳችንን ፎቶ አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

“አባባ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ጎረምሳ ነው።”

“ነበር” አልኳት።

ስለዚህ ለራሴ ማመልከቻ ጻፍኩ። ወገንተኛ እንዳልባልም ራሴን እስከ ማግስቱ አስጠብቄ ፈቀድኩለት። ኤሚል በጣት አሻራው ፈቀደ። የቀሩትን አራቱን ለማነጋገር ቅጹን ይዤ መቃብራቸው ድረስ ሄድኩ፤ ማንም አልተቃወመም። ሎሬታም ይህንኑ በሐቀኝነት “ተቃውሞ የለም” ብላ መዘገበችልኝ። እንዲህ ያለች ሠራተኛ ስለቀጠራችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነውና ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅብኝ።

ሁለተኛ፣ በኮምፒውተሩ ፊት ለሠላሳ ደቂቃ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ማሽኑ ጭረቱ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ እያጉረመረመ፣ ልክ እንደኔው መነጽሩን እንደረሳ ሽማግሌ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ “አራት ደቂቃ ቀርቷል” የሚል ጽሑፍ እንደ ወጣ ሰዓቴ አለቀና ሁሉም ነገር ጠፋ። “ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን” የሚል ምስጋናም መጣልኝ። ሎሬታ “ደንቡን እኔ አላወጣሁትም አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ?” አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ተራውን ለሚጠብቀው ሕዝብ መነሣት ነበረብኝ። ዞሬ ብመለከት ሕዝቡ አንድ የፕላስቲክ አበባ ነበር።

ሦስተኛ፣ ለአንድ ሰው በወር አንድ ሲዲ ብቻ ስለሚፈቀድ፣ ግልበጣው ተቋርጦ የተበላሸው አዲሱ ሲዲ የሰኔ ድርሻዬ ሆኖ ተቆጠረ። አሁን የቼሪ ዛፌ ላይ ተሰቅሎ ወፍ ያባርራል፤ ከፖልካው ይልቅ በዚህ ሥራው ተሳክቶለታል። ቀጣዩ ተራዬ ሐምሌ ላይ ነው። ለኤሚል ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ “ላዲ፣ ልደቱን ላራዝመው እችላለሁ፤ እኔን ግን ማን ያራዝመኛል?” አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ቀድሞኝ ነው ሳቁን ያቆመው።

እንግዲህ የምለምነው ባዶ ሲዲና አራት ደቂቃ ነው፤ ባዶውን እኔ አመጣለሁ። ቦርዳችሁ ሐሙስ ለሕዝብ ክፍት ስብሰባ እንዳለው፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪም አስተያየት መስጫ አምስት ደቂቃ እንደምትሰጡ ከደንባችሁ ላይ አንብቤያለሁ። ኤሚልን በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፋሁ እመጣለሁ። ደንቡ አስተያየት በአኮርዲዮን እንዳይሰጥ የሚከለክልበትን አንቀጽ ብፈልግ አላገኘሁም። የቱባውን ድርሻ ኤሚል በአፉ ይሞክራል።

ለደንብ ባላችሁ ታማኝነት እየተደመምኩ፣ ወንበራችሁ እንዲለሰልስ፣ ሰዓታችሁም እንዳይዛነፍ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ላዲስላቭ ህሩሽካ
የቤተ መጻሕፍቱ አባል፣ የሰኔ ድርሻው ያለቀበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰርጉ የማን እንደነበረ መጥቀስ ረስቼ ነበር፤ የእርስዎ ነው። ስድስተኛው ዜማ ሲያልቅ የአዳራሹ ጠባቂ “ሰዓት ሞልቷል” እያለ ቁልፉን ሲያንቃጭል በሲዲው ላይ ይሰማል። ወዲያው ነፍሳቸውን ይማርና አባትዎ፣ “ቁልፍህን ኪስህ ክተት፤ አንድ ይጨመርላቸው፣ ልጄ አልጠገበችም” ይሉታል። ሰባተኛውን ዜማ የተጫወትነው በዚያ በተጨመረልን ጊዜ ነው። የአባትዎን ድምፅ ለመስማት ከፈለጉ በደስታ እገለብጥልዎታለሁ፤ የእኔን የጽሑፍ ፈቃድ ለማግኘት ግን ማመልከቻ ያስገቡ፣ በወር አንድ አያለሁ።