የጎኑ በር

ቅዳሜ፣ ጥር 12 ቀን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለቃሪያዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁልጊዜ የምትጽፍልሽ እናትሽ ሆና ሳለ ዛሬ እንደ ታፔላ የገዘፈ የእኔን ፊደል ስታዪ እንዳትደነግጪ። እናትሽ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከሁሉም በላይ ትሳደባለች። ይህን ካወቅሽ ተቀመጪና አንብቢ።

አንቺና የሥራ ባልደረቦችሽ ከደመወዛችሁ እያዋጣችሁ ያሠራችሁት ክሊኒክ ሐኪምም መድኃኒትም አለው፤ እግዜር ይስጣችሁ። ግን «መክፈል የማይችል በነጻ ይታከም» ያላችሁትን ሥራ አስኪያጁ በጎን በኩል የተለየ በር አውጥቶ ፈጸመው። ታፔላውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፦ «የነጻ ታካሚዎች መግቢያ»። በቀይ ቀለም፣ ጥላ ጨምሬበት፣ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ አድርጌ። ሰው ሁሉ አነበበው። የሚገባበት ግን ጠፋ።

እናትሽ የምትሰፋበት ሱቅ ከዚያ በር ፊት ለፊት ነው። ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔን ጭጋግ ጋረደኝ ስትል ሰነበተች።

«መንገዱን ተሻገሪና ደም ግፊትሽን ተለኪ» አልኳት።

«በዚያ በር? ደንበኞቼ እያዩኝ?»

«ቢያዩሽ ምን ይሉሻል?»

«‹ምስኪን› ብለው ዋጋ ሳይከራከሩ ይከፍሉኛላ!»

«እንዲህ ከሆነማ እኔም አብሬሽ ልታመም!»

የልብስ መለኪያ ሜትሯን ወረወረችብኝ። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ፣ ቃሪያዬ፣ መድኃኒቱ በየትኛውም ፋርማሲ የለም።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ጨርቅ እየቆረጠች መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ላነሳላት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ከጎረቤቷ ከጫማ ጠጋኙ ጋር ደግፈን አሻገርናት። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ በተኮላተፈ አንደበት፣ ምን አለችኝ መሰለሽ? «በፊት ለፊቱ በር።» እሺ ብለን በፊት ለፊቱ ሄድን። ዘበኛው የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ «ከፋይ ናችሁ?» ብሎ ወደ ጎን መራን። እዚያ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ሰው ስለማይመጣበት ቁልፉን ፍለጋ ክሊኒኩን አተራመሱት። እኔ እሷን አቅፌ ያንን ቀይ ጽሕፈቴን እያነበብኩ ቆምኩ።

ታክማ ትንሽ ሲሻላት ጊዜ የለመደብኝ ተንኮል ተነሳብኝ። በማለዳ መሰላሌን ይዤ ሄድኩና የሁለቱን በሮች ታፔላ አለዋወጥኩት። አንድ ባለመኪና ነጋዴ እንደ ልማዱ በፊት ለፊቱ ሰተት ብሎ ሲገባ ዘበኛው ታፔላውን አየና «ጌታዬ፣ ነጻ ታካሚ ነዎት?» አለው።

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል!» ብሎ ግራ ቀኙን ገላመጠ። ሆዱን ይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ። እኔም ሆዴን ይዤ ነበር፤ የእኔስ ከሳቅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። «ምነው አባባ? ለጋሾቹ እኮ እርዳታቸው በግልጽ እንዲታይ ይፈልጋሉ» አለኝ።

«ከለጋሾቹ አንዷን በትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግኳት። ልጠይቃትና ልምጣ» አልኩት።

ይኸው ጠየቅኩሽ። የመጪውን ዓመት እርዳታ ለመወሰን ስትሰበሰቡ፣ በሩ አንድ ይሁን በያቸው። የሚከፍለውና የማይከፍለው ውስጥ ገብቶ፣ በጆሮው ይጠየቅ። ጫማ ጠጋኙ አሁንም በዚያ በር ፊት እያሳለ ያልፋል፤ ስጠይቀው «ብርድ ነው» ይለኛል፣ በዚህ ፀሐይ! አዲሱን ታፔላ በነጻ እጽፍላችኋለሁ። «መግቢያ» ብቻ። ቀለምም ይቆጥባል።

የእናትሽን ነገር ግን እንዳታነሺ። «በሰው ስብሰባ መነጋገሪያ ካደረግኸኝ አልምርህም» ብላኛለች። «አንዲት ልብስ ሰፊ» ብለሽ እለፊው።

ቀኝ እጇ ማንኪያ መያዝ ገና እየተማረ ነው። ግራው ግን ይመስገን፣ እኔን መምታት አላቃተውም። አሁን ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ «ስትጨርስ እስክሪብቶውን አቀብለኝ» እያለችኝ ነው። ምን እንደምትጽፍልሽ አላውቅም፤ አንተ አታይም ተብያለሁ።

የምታንኳኪው በር ሁሉ ይከፈትልሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ቃሪያዬ።

አጎትሽ፣
ቀለሙ የማይደርቀው

ልጄ ደህና ነኝ። የበሩን ነገር ስትነግሪያቸው ልብስ ሰፊዋ እናቴ ናት በያቸው።