ገመዱ የማይደርስበት ቦታ

ጉለሌ፣ ግንቦት

ውድ ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ሆሳዕና ዝናቡ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰምቼ ብርዱ እንዳይጠናብህ ሰግቻለሁ። ልጆችህስ ደህና ናቸው? ነፍሷን ይማርና ባለቤትህ ካረፈች ወዲህ ምግብህን በሰዓቱ ትበላለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የልጆቼ አባት ከሞተ በኋላ ቤቱ ሰፍቶብኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ሰሞኑን ደጋግሜ ደውዬ ስለ ዝናብ ብቻ ጠይቄህ መዝጋቴ ሳይገርምህ አልቀረም። የደወልኩበት ጉዳይ ሌላ ነበር፤ በስልክ አልወጣ ቢለኝ በጽሑፍ አደረግኩት።

ከቁስቋም በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የቀበሌያችን አዳራሽ በነበረበት ቦታ፣ ረጅም ግንብ ተሠርቷል። አሁን የጉለሌን ታሪክ እየሳሉበት ነው። በአንደኛው ጫፍ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች አሉ፤ ቀጥሎ ሸማኔዎቹ ከነመወርወሪያቸው ተቀምጠዋል። ሰፊውን መሐል ለኪነት ቡድናችን ሰጥተውታል። አዎ፣ ለእኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ሲሞላ ቦታ ያጣው ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ይሰማን እንደነበር ሰፈሩ አልረሳም። እኔማ አንተ መምህር ሆነህ ሆሳዕና የተመደብክ ዓመት መድረኩን ስለተውኩ፣ ዘፋኝ እንደነበርኩ የሚያስታውስ መኖሩም ገርሞኛል።

ሠዓሊዋ ሄርሜላ ትባላለች፤ በልጄ ዕድሜ ናት። በሕይወት ያለን ሰው ራሱ ሳይፈቅድ አትስልም። ነገ አንዱ መንገድ ላይ አቁሞ «ማን ሳይኝ አለሽ?» እንዲላት አትፈልግም። የምትስለን ደግሞ በዛሬው ፊታችን ነው፤ የእኔን ሽበት ስላ ጨርሳለች። ድራም መቺያችን ስለሺም ፈቅዷል። ዛሬ ጎሚስታ ቤት አለው፤ እጁ ጎማ ላይ፣ አፉ ሰው ላይ ነው፣ እንደምታውቀው። ለሞቱት ቤተሰቦቻቸው ፈቀዱላቸው። የቀረኸው አንተ፣ ባስ ተጫዋቻችን ነህ።

እንደምታመነታ አውቃለሁ። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነሃል፤ ዘፈን ከተውክ ቆይተሃል። አከብርልሃለሁ፤ ተመለስ ብዬህም አላውቅም። አሁንም ዝፈን አላልኩህም፤ ቁም ነው ያልኩህ።

የቡድኑ ፎቶ በየቤቱ ተፈልጎ ስላልተገኘ፣ ባለፈው ሳምንት ሄርሜላ ማን የት ይቆም እንደነበር ልትጠይቅ እኔንና ስለሺን ግንቡ ሥር ጠራችን። የነገርናትን በጠመኔ ታሰምራለች። ድራሙ ከኋላ፣ ሳክስፎኑ በስተቀኝ፣ እኔ ከፊት። ባስ ጊታሩስ ስትል ቀደም ብዬ ከእኔ በስተግራ አልኳት።

ስለሺ ሳቀ። ሳቁ ሰፈር እንደሚያስወጣ ታውቃለህ። እሱ እኮ ከኋላ መጋረጃው ላይ ተለጥፎ ነበር የሚጫወተው፤ ሕዝቡ ፊቱን ያየው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው አለ። እኔ በግራዬ ነበር ብዬ ጸናሁ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ የአምፕሊፋየሩ ገመድ አጭር አልነበረም እንዴ? እዚያ አይደርስም እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ስዘፍን አንተን ለማየት ፊቴን ከሕዝቡ ማዞር ነበረብኝ፤ ኃላፊያችን ደግሞ በዚያ ስንቴ እንደተቆጣኝ ትዝ ይልሃል። እኔ ግን ወደ መንገዱ ዞሬ የሚያልፈውን ታክሲ አየሁ። እሱም ሳቁን አቆመ። እጁን በቱታው እየጠረገ ትንሽ አየኝና ወደ ልጅቷ ዞረ።

«በይ ልጄ፣ እንዳለችሽ አድርጊው። ገመዱን አስረዝሚው» አላትና ጎማ ይጠብቀኛል ብሎ ሄደ።

አሁን ከጎኔ ፊት የሌለው ሰው በጠመኔ ተሰምሮ ይታያል። ክረምቱ ሳይገባ የምትስልበት መወጣጫ ይነሣል። እስከዚያ ካልፈቀድክ ሄርሜላ ቦታውን በአደይ አበባ ትሞላዋለች። ስለሺ ባስ ተጫዋቻችን አበባ ሊሆን ነው እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ያወራል። እኔ አበባ አጠገብ መቆም አልፈልግም።

ልጄ ቤዛብሕ ትናንት ግንቡን ልታይ መጥታ ባዶው ቦታ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስምህን ነገርኳት። ከሆሳዕና አዲስ አበባ አውቶቡሱ በቀን ይገባል አይደል አለችኝ።

ፈቃድህን በስልክ መስጠት ትችላለህ። ፊትህን ግን ሄርሜላ በስልክ ልትስለው አትችልም። እኔም እንዳልነግራት የማውቀው የያኔውን ነው፤ የዛሬውን አላየሁትም። ና።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ ለልጆችህ ያቆይህ። ቁስቋም ማርያምም አትለይህ፤ ይህን እንኳ እኔ ስለምለው ተቀበለኝ።

በስተቀኝህ የቆመችው ባልንጀራህ