በከንፈሬ የያዝኳቸው እጀታዎች

ጅግጅጋ፣ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደገሀቡር ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ የደም ግፊት ክኒንሽን «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ እንደማታቋርጪ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ገና ሳልጀምር ስለምታለቅሺ ነው፤ እኔም ለቅሶሽን ስሰማ የማላምንበትን ሁሉ እሺ እልሻለሁ። መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

የፊታችን እሁድ ሽማግሌዎች ይዘሽ እንደምትመጪ፣ እኔም ወደ ባሌ ወደ በኃይሉ ቤት ሄጄ እናቱ እግር ላይ እንድወድቅ ቀጠሮ እንደያዝሽልኝ ሰምቻለሁ። አልሄድም። ባሌ ልብሱን ሰብስቦ ሲወጣ እኔን ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ሦስት ጽንስ ወጣብኝ፤ እናቱ እኔን «የተረገመች ናት» አለች፤ አንቺም ጸበል ሂጂ አልሽኝ። ሄድኩ፣ ደግሞም አልጠላሁትም። የተረገምኩ ግን አይደለሁም እማዬ፣ የታመምኩ ነኝ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ቡፌውንና ቁም ሳጥኑን አናጢዎቹ ይሠራሉ፤ የመሳቢያና የበር እጀታ የምገጥመው እኔ ነኝ። አንዱ እጄ መሳቢያውን ይይዛል፣ ሌላው ካቻቢቴ። እጀታዎቹስ የት ይቀመጡ? አራት አምስቱን ከንፈሬ መሃል ደርድሬ አንድ በአንድ እያወጣሁ እገጥማለሁ። ከድንበሩ ከቶጎ ውጫሌ የሚገቡት ወርቅማዎቹ ደግሞ ቀዳዳቸው ስለሚጠብ በሞረድ አሰፋቸዋለሁ፤ ብናኙን እፍ ብዬ እዚያው ምሳዬን እበላለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራሁ። በዚህ ገበያ በፍጥነት የሚደርስብኝ ስለሌለ እኮራበትም ነበር።

ጥቅምት ላይ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ፣ ይሁን የሚባል የኬሚስትሪ መምህር መደርደሪያ ሊያዝ ሱቄ ገባ። ትንሽ ቆሞ አየኝና ሰላም እንኳ ሳይለኝ «እሱን ነገር ከአፍሽ አውጪው እህቴ» አለኝ። ደፋር መሰለኝና ሥራህን ሥራ አልኩት። አልተቀየመም። ያገለገለ እጀታ አንስቶ ወርቅማው ቀለም የተላጠበትን ቦታ አሳየኝ፤ ከሥሩ ግራጫ ነው። እርሳስ የሚባለውን መርዘኛ ብረት እየደባለቁ እንደሚያቀልጡት፣ ብናኙ ደም ውስጥ ገብቶ አጥንት ላይ እንደሚቀመጥ፣ ሴት ስታረግዝ ደግሞ ጽንሱ ድረስ እንደሚሄድ ነገረኝ። ይህን ሲል ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ።

ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ፤ እርሳስ ተገኘበት። ውጤቱን ያየችው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ጽንስ እንደወጣብኝ ነው። እኔ እኮ ስለ ጽንስ አንድም ቃል አልተነፈስኩላትም ነበር። እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ ንዴት ነበር ያስለቀሰኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን «ልጅሽ አብዳለች» ብለው በስልክ ሳይነግሩሽ አልቀሩም። ሱቄ ያለውን ወርቅማ እጀታ በሙሉ ፈታሁ። ከእኔ የገዙትን ሰዎች ቤትም እየዞርኩ፣ መጀመሪያ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ያለበትን፣ ሳላስከፍል ፈታሁ። አንዱ ቤት ጥርስ የምታበቅል ልጅ ከታችኛው መሳቢያ ሥር ተቀምጣ እጀታውን ስትጠባ አገኘኋት። እናቷ እሷን ዝም የሚያሰኝልኝ እሱ ብቻ ነው አለችኝ። አሁን ጎረቤቴ ኻድራ የግመል ቆዳ እየቆረጠች ማንጠልጠያ ትሠራልኛለች፤ በእጀታ ፈንታ እሱን እገጥማለሁ። ገበያው ቡፌ ነው የምትሸጪው ወይስ ግመል እያለ ይስቅብናል። ይሳቁ፣ ጥርሳቸው ነው።

እጀታውን በጅምላ የሚያመጣው ደሬሳ ግን አልሳቀም። ወሬውን ካልተውሽ የሁላችንንም ሱቅ ታስዘጊያለሽ ብሎ ሊያስፈራራኝ መጣ። «ሰው እጀታ አይበላም» አለኝ።

«እኔ ዘጠኝ ዓመት በልቻለሁ» አልኩት። የደም ምርመራውን ወረቀትም ከንግድ ፈቃዴ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እስካሁን እዚያው ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ሳያነበው አይወጣም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። 

ሐኪሟ ስለ ልጅነቴም ጠይቃኝ ነበር። አባባ ግቢያችን ውስጥ አሮጌ የመኪና ባትሪና የተሰበረ ቧንቧ እያቀለጠ የቁም ሳጥን እጀታ ያወጣ እንደነበር፣ ወናፉን የምታናፊለት አንቺ እንደነበርሽ ነገርኳት። ስትጽፍ ቆየችና ማቅለጫው መቼ እንደተተከለ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። እኔን የወለድሽኝ ማቅለጫው ከመተከሉ በፊት ነው። አራቱን ታናናሾቼን የቀበርሽው ከዚያ በኋላ ነው።

አባባ ሊሞት ሲል እጁን ይዘሽ «ቤትህን በልጅ ስላልሞላሁልህ ይቅር በለኝ» ስትይው በሩ ላይ ቆሜ ሰምቼሻለሁ። እሱም ይቅር ብዬሻለሁ አለሽ። አልፈርድበትም፤ ምስኪን፣ አያውቅም ነበር። አንቺም አታውቂም ነበር። አሁን ግን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ማንም እግር ላይ አልወድቅም፣ አንቺም ስለ እኔ ብለሽ እንድትወድቂ አልፈቅድም።

እሁድ ነይልኝ። ሽማግሌዎቹን ግን ተያቸው፣ ብቻሽን ነይ። ሰኞ ጠዋት አብረን ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን፤ ያንቺንም ደም ልታይልኝ ቃል ገብታለች።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ መንገድሽን ትጠብቅልኝ። በሄድሽበት ሁሉ ቀና ብለሽ ሂጂ።

ያደግሁልሽ ልጅሽ