ስለ አምስት ሊትር ለተጻፈልኝ ምስጋና

ለተከበራችሁ የተሽከርካሪ ስምሪትና የነዳጅ ክፍል ኃላፊዎች፣
ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ክረምቱን በጤና አሳልፋችኋል ብዬ አምናለሁ፤ ጣሪያችሁ እንዳያፈስ፣ ጫማችሁንም ጭቃ እንዳይነካው ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ የኮኪት አካባቢ የአምቡላንስ ሹፌር ደምለው፣ በነሐሴ ወር ነዳጅ በመቆጠብ አርአያ ሆነሃል በማለት የላካችሁልኝ ደብዳቤ ደርሶኛልና ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. መኪናው በሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ በጥር ወር፣ በአስፋልት፣ ባዶውን ነድታችሁ ስላረጋገጣችሁ አመሰግናለሁ። በክረምት ግን የመተማ ዋልካ ጎማውን ስለሚይዘው፣ በአንደኛ ማርሽ እያጓራ፣ የማሽላ አገዳ እየተነጠፈለት የዚህን ግማሽ ከሄደም ጎበዝ ነው። ይህንኑ በሐምሌ ባመለክት፣ ጭቃ ነዳጅ አይጠጣም የሚል መልስና ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁኛል።

፪. ለክፉ ቀን ብዬ ከኋላ የማስቀምጣትን የነዳጅ ጀሪካን ወስዳችሁ ከሌብነት ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

፫. ነሐሴ ፲፪ ቀን ረፋድ ላይ፣ እርሻ ላይ ለአረም ሠራተኞች ምግብ የምታበስለው ካሰች ምጥ ጠናባት ተብሎ ተጠራሁ። እርሻው ደርሶ መልስ አርባ ኪሎ ሜትር ነውና በቀመራችሁ መሠረት አምስት ሊትር ተቀዳልኝ። ዝናቡ ሁለት ቀን አርፎ ስለነበር ያደርሰኛል አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እንጀራዬን ፈርቼ ነው ያልተከራከርኩት፤ በዚህም አፍራለሁ። ካሰችን ጭነን ስንመለስ ዶፍ ወረደብን፤ ጤና ጣቢያው ለመድረስ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲቀረን ሞተሩ ዝም አለ። አብረውን የተሳፈሩት ባሏ ባየልኝና ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ጉልበታቸው ድረስ እየሰመጡ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ባየልኝ ቃሬዛውን አስወርዶ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነው፤ ልጁም ሳይወለድ ቀረ። አምና ወንድሙ በወባ ታሞ ሳመላልሰው አብሮ ስለነበር መኪናዬን ያውቀዋል፤ አልሰደበኝም፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ያች ጀሪካን የት ሄደች?»

፬. መኪናው በማግስቱ በትራክተር ተጎትቶ ስለተመለሰ፣ አርባው ኪሎ ሜትር በአምስት ሊትር ተጠናቆ ተመዝግቧል። ይህን አይታችሁ ስላመሰገናችሁኝ፣ እኔም ከልብ አመሰግናለሁ።

ከደንቡ አንዲት ጠብታ ያላሳለፈው፣
ትሑት ታዛዣችሁ ደምለው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምስጋናውን ደብዳቤ ግድግዳ ላይ እንድሰቅለው አዛችሁኛል። ልጆቼ ማንበብ ስለሚችሉ ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ፤ መጋዘናችሁ ውስጥ ከጀሪካኗ አጠገብ ይቀመጥልኝ። ስትወስዷት ሙሉ ነበረች፤ ሃያ ሊትር ትይዛለች። የቀረን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነበር።