በነሐሴ ደመና የተፈተነው ኢንቨርተር

ሸጎሌ፣ ጉለሌ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለንግሥት፣
አዳማ

ፀሐይን በገመድ ጎትቼ ቤታችን አስገብቻታለሁ። እሺ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያሰራት ኤሌክትሪሻኑ ደቻሳ ነው፤ እኔ መሰላሉን ይዤለታለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ማንም አልያዘልኝም፤ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ የራሴ እጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመጣልኝን ወረቀት ሁሉ ስታነቢልኝ ኖረሻል፤ አሁን ደግሞ እኔን አንብቢ። የማታ ትምህርት ቤት ከገባሁ ገና ዓመቴ ነው፤ አስተማሪዬ ግን ከክፍሉ ጎበዝ እኔ መሆኔን በዓይኗ ነግራኛለች።

እንዴት ነሽ? ስኳርሽስ? እግርሽን የሚያቃጥልሽ ነገር ቀለል አለልሽ?

ልጃችን ሲና በደወለች ቁጥር "አባዬ፣ መብራት የሌለው ቤት ምን ያደርግልሃል? ሽጠውና እኛ ጋ ና" ትለኛለች። ንገሪልኝ፤ አልሸጥም! ብሎኬቱን በትከሻዬ ተሸክሜ የሠራሁት ቤት ነው። የመብራት መስመር ይደርሰናል ብለን ሦስት ክረምት ጠበቅን፤ እስካሁን የለም። ዓምና የስኳር መርፌሽን እንስራ ውስጥ ስናቀዘቅዝ ተበላሽቶብሽ ሆስፒታል ገባሽና ሲና ወሰደችሽ። በዚያስ አልቀየምኳትም። ግን ለመድኃኒትሽ የሚሆን ቅዝቃዜ እዚሁ ቤት ካገኘሁ፣ አንቺን ከእኔ የሚያስቀር ሰው አላይም ብዬ ተነሣሁ።

አዲሱ ገበያ ሄድኩ። ሃይብሪድ ኢንቨርተር የሚሉት ሳጥን አለ። ከጣሪያው ሶላር የሚመጣውን ባትሪ ላይ ያጠራቅማል፣ ለቤቱም ይሰጣል፤ መስመር የገባልን ዕለት ከመስመሩም ይቀበላል። ከረድፉ ርካሹን ጠየቅሁ። ሻጩ መሳይ ይባላል፤ ምላሱ ቅቤ ነው።

"ፋዘር፣ ይኸው፣ አምፖሉን ይዩት! ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ ሁሉንም ይሸከማል። ዋስትናው ሁለት ዓመት ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ የከብት ደላላ ነኝ። ሸጎሌ ገበያ ላይ በሬውን ጨው አልሶ ውሃ አጠጥቶ ሆዱን ነፍቶ የሚያቀርብ ነጋዴ ስንት አይቻለሁ! በሬ የሚታየው ሳይበላ በማለዳ ነው። መሳይም ባትሪውን እስከ አንገቱ አጥግቦ ነው አምፖል የሚያበራልኝ።

"ርቦት ላየው እፈልጋለሁ" አልኩት።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"አሁን ነሐሴ ነው፣ ደመና ነው። ቤቴ ወስጄ ሰባት ቀን ልየው።"

"ፋዘር፣ ሶላር በክረምት አይፈተንም፤ መስከረም ይጥባ።"

"ሚስቴ በክረምትም ስኳር አለባት!"

ሰዉ ሳቀ። ወረቀቱን ተቀብዬ እዚያው ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። አዝጋሚ ነኝ፣ አልደብቅሽም። ከኋላዬ አንዱ "አባት፣ እዚህ ሊያድሩ ነው?" አለኝ። "አድራለሁ!" አልኩት። ድሮ በአውራ ጣቴ ፈርሜ እወጣ ነበር። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ "ዋስትናው ስድስት ወር ነው።" መሳይ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ስድስት ወር የሚለውን በራሱ እስክሪብቶ አሰረዝኩት፣ ሁለት ዓመት ብሎ ጻፈ፣ ማኅተም አደረገበት። ለሰባት ቀን መሞከሪያም ሰጠኝ።

ደቻሳ ገጠመው። የመጀመሪያው ቀን ላይ የልብስ ካውያ ተውሼ ብሰካበት ጮኾ ዝም አለ። "ጋሽ ነገራ፣ ይሄ እኮ ትራንስፎርመር አይደለም! ካውያና ምድጃ እንዳያሳዩት" ብሎ ተቆጣኝ። በቃ፣ ተጨማድጄ እሄዳለሁ፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ልብሴን ማን ያየዋል? ሦስት አምፖልና ለመድኃኒትሽ ብዬ የገዛኋትን ትንሽ ፍሪጅ ግን ይዟል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሄራን ቴርሞሜትር አውሳኝ፣ መድኃኒትሽ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ መሆን እንዳለበት አስረዳችኝ። ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጬ ጠዋትና ማታ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እንጦጦ ደመና ለብሶ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሳናይ እንኳ ፍሪጁ አልጠፋም። አምስት፣ ስድስት፣ አምስት። ከዚህ ወዲህ ማን ይከራከረኛል? የፊታችን ቅዳሜ ሲና ታምጣሽ!

ጌታ ከአልጋሽ በሰላም ያንሣሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የልጃችንንም ቤት ይባርክ።

የአንቺው
ነገራ (በፊርማ!)

ንግሥትዬ፣ ከፈረምኩ በኋላ ደብተሩን መልሼ አየሁት። ገበያ ላይ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ታውቂያለሽ፤ ያ ግን ስለ በሬ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ስነሣ ፍሪጁ ዝም ብሏል። ከሁለቱ የደመና ቀን በኋላ ባትሪው አልቆ ነበር። ቴርሞሜትሩ አሥራ አራት ይላል፤ እኔ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ለቅዳሜ በጣም ስለጓጓሁ ነው።

ቅዳሜ አትምጪ። ደቻሳ ሁለተኛ ባትሪ ይጨምርበታል፤ ከዚያ ሌላ ሰባት ቀን፣ ደመናው ሳይለቅ፣ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ቤቱን አልሸጥም። የሐሙስን ገጽ ቀድጄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ አምስቷን ሰርዤ አሥራ አራት ጽፌባታለሁ።