ገብስህን ማን ያጭደዋል ብዬ ነበር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ፤ አታስብ። ጣሪያው ተጠግኗል፣ በቅሎህም የሚጋልባት ጠፍቶ ወፍራለች። ማስተማሬን አልተውኩም፤ ግን በየሳምንቱ አርብ ከደብረ ብርሃን አንኮበር እየመጣሁ ቤትህን እከፍታለሁ።

ሙት ዓመትህ ላይ እንግዶቹ ታሪክህን ሲያወሩ ዋሉ፤ ከነገሥታቱ ዘር መወለድህን፣ ክፍለ ጦር ማዘዝህን፣ ታስረህ መፈታትህን፣ ኋላም ሚኒስትር መሆንህን። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ይበልጥ የማውቀው ግን ጡረታ ወጥቶ ገብስ የዘራውን፣ ያን ሁሉ ወታደር አሰልፎ አንድ ትልም ማቃናት ያቃተውን አባቴን ነው። በሬዎቹ ማዕረግህን ስለማያውቁ አይታዘዙህም ነበር። እህትህ እትዬ አማረች የንጉሥ ዘር እርፍ አይጨብጥም እያሉ ሲነጫነጩ፣ ሰምተህ እንዳልሰማህ ታልፍ ነበር።

አምና በሕመምህ ምክንያት ማሳው ጦሙን አደረ፤ ዘንድሮ አንድ ገበሬ ቀጥሬ ያስዘራሁት ገብስ ሲደርስ ግን ፈራሁ። አንተ እያለህ በአጨዳ ቀን መንደርተኛው ማጭዱን ይዞ ይመጣ ነበር፤ የሚመጣው ስምህን አክብሮ ይመስለኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ምን ይውጠኛል አልኩ። ሰው ካልመጣ ማሳውን ለሌላ ሰጥቼ፣ ቤቱን ዘግቼ ልሄድ ቆርጬ ነበር። እንዳልለምን ደግሞ ኩራቴ አልለቀቀኝም፤ እሱን እንኳ ካንተ ነው የወረስኩት።

ቅዳሜ ማለዳ በሩን ስከፍት ሃያ የሚሆን ሰው ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሏል። ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ከፊት ናቸው። ወዳጅህ ሐጂ ሰይድም ከአልዩ አምባ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው መጥተዋል። ለአባቴ ክብር ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ ስል፣ ጋሽ ተሰማ ቀና ብለው ሳቁ። ክብር ምን አመጣው፣ ወንፈል ነው እንጂ አሉኝ። ለካ አንተ በየዓመቱ በየተራ የእያንዳንዳቸውን ማሳ ስታጭድ ኖረሃል። ለሐጂማ ቆላ ድረስ ወርደህ ማሽላ ቆርጠሃል። ስብሰባ አለኝ እያልክ የምትወጣው ወደ እነሱ ነበር። እትዬ አማረች እንዳይሰሙ ሁሉም ምሥጢርህን ጠበቁልህ። አጨዳህ ግን እንደ እርሻህ ነው አሉ፤ አንተ ያለፍክበትን ሌላ ሰው ይደግመው ነበር።

ከእኔም በመደበቅህ ትንሽ ተናደድኩ። ከዚያ እዚያው ገብሱ መሀል ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። እትዬ አማረች ሲሰሙ ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ቀን ለአጫጆቹ ጠላ ጠምቀው ላኩ፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ።

ገብሱ ተከምሯል። ቤቱን አልዘጋም። የፊታችን ቅዳሜ የጋሽ ተሰማ አጨዳ ነው፤ ከአሁኑ ወገቤን ያመኛል፤ ግን እሄዳለሁ። ሐውልትህ ላይ ማዕረግህ በሙሉ ተጽፏል፤ ሌላው ሰው እሱን እያነበበ ያስታውስህ። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ አባዬ፣ ከማንም ማሳ ላይ ተራህ አይጎድልም።

ልጅህ